ማታ በመብራት ስር የሚወጣው የሸረሪት ድር

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ሰላም ወንድም። የምኖረው ድሬ ዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በፈረንጅ 2010 የተሠራ ጥቁር ኮሮላ አለኝ። ቀን ጥላ ውስጥ ሳየው ምንም አይልም። ማታ ማደያ መብራት ስር ሳቆመው ግን ኮፈኑን ክብ ክብ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቶታል። ከወር በፊት ፖሊሽ አስደረግኩት፣ መስታወት ሆኖ ወጣ። ሁለቴ ሳሳጥበው ድሩ ተመለሰ። አንድ ቀለም ቀቢ ‹ሙሉ ካልተቀባ አይድንም› አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የወንድሜ ሰርግ ነው፤ ሙሽሮቹን ሐረር የሚወስዳቸው ይኸው መኪና ነው። ምን ላድርግ? ከዚህ በኋላስ እንዴት ልጠበው?»

ቀለም ቀቢውን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። የፋብሪካ ቀለሙን የያዘ መኪና ለዚህ ብሎ ሙሉ ማስቀባት፣ ጥርሴ ቆሸሸ ብሎ እንደማስነቀል ነው። ነገ ልሽጠው ብትል ደላላው ገና ሰላም ሳይልህ «ያልተቀባ ነው?» ይልሃል። የቤንዚን አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ቀለሙ ያልተነካ ኮሮላ በቀላሉ አይገኝም።

አሁን አንድ ነገር ሞክር። የአውራ ጣትህን ጥፍር ጭረቱን አቋርጠህ ቀስ ብለህ ጎትት። ካልያዘህ ጭረቱ ከላይ ከላይ ነው፣ ይወጣል። ከያዘህ ቁልፍ ወይም የእሾህ ቅርንጫፍ የሠራው ነው፤ እሱን ማለስለስ ይቻላል፣ ማጥፋት ግን ቀለሙን መጨረስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ተወው፤ ሰርግ ላይ አጎንብሶ የሚያየው የለም። አንተ የነገርከኝ ድር ግን ጥፍር የሚይዝ ዓይነት አይደለም።

ድሩ ራሱ ክብ አይደለም፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮፈንህ ላይ ያሉት ጭረቶች በየአቅጣጫው የተዘበራረቁ ናቸው። ዓይንህ የሚለቅመው ግን የመብራቱን ብርሃን ወደ አንተ የሚመልሱትን ብቻ ነው፣ እነሱም መብራቱን ከበው የቆሙት ናቸው። የስልክህን መብራት አብርተህ ኮፈኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ብታንቀሳቅሰው ድሩም አብሮት ሲሄድ ታያለህ። ስለዚህ «አጣቢው ክብ ክብ እያደረገ ስላሸው ነው» የሚባለው ግማሽ ጨዋታ ነው። አሸዋ ይዞ እስካሸ ድረስ በቀጥታ ቢያሽም ይጭራል። ጎረቤትህ ያለው ነጭ ቪትዝም ከአንተ እኩል ተጭሯል፤ ነጩ ቀለም ብርሃኑን ራሱ ስለሚመልሰው ጭረቱ ተደብቆለት ነው። ጥቁር ግን ሚስጥር አይጠብቅም።

የያዝከው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ልንገርህ። ከብረቱ እስከ ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም በሙሉ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ነው። ከዚህ ውስጥ ከላይ የሚደረበው መስታወት መሳይ ክሊር ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል፤ አንድ የራስ ፀጉር 70 ገደማ ነው። እውነተኛ ፖሊሽ ደግሞ ጭረቱን አይሞላውም፤ ዙሪያውን ያለውን ክሊር ሞርዶ ከጭረቱ ግርጌ ጋር እኩል ያደርገዋል። ማለትም ባስደረግክ ቁጥር ከዚያች ከፀጉር ከሳሳች ነገር ላይ ጥቂት ማይክሮን ይዞብህ ይሄዳል። ለበዓል ለበዓል ፖሊሽ የሚያስደርጉ ደንበኞች አሉኝ። ገንዘባቸውን እወደዋለሁ፣ ግን እየነገርኳቸው ነው።

የቀለምህን ቁጥርም እየው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈኑ ውስጥ ትንሽ ሳህን ላይ ተጽፏል። 202 ከሆነ ጥርት ያለው ጥቁር ነው፤ 209 ከሆነ ፀሐይ ላይ ብልጭልጭ የሚለው ማይካ ያለበት ነው። 202 በልስላሴው ስሙ የታወቀ ነው። በጥቂት ማሻሸት ይጭራል፣ በጥቂት ፖሊሽ ደግሞ ይድናል። አንዳንዱ 202 ከላይ ክሊር ሳይደረብበት ቀለሙ ራሱ የሚያበራ ነው፤ ይህ ወደ በኋላ ስለሚጠቅመን ያዘው።

ታዲያ ያ መስታወት ሆኖ የወጣው ፖሊሽ እንዴት በሁለት እጥበት ተመለሰ? አልተመለሰም፤ መጀመሪያም አልሄደም። ዘይትና ሙሌት የበዛበት ፖሊሽ ጭረቱን ለጊዜው ይሞላዋል። ፊት ላይ ቅባት እንደመቀባት በለው። የላቫጆ ሳሙና ዘይቱን ሲያጥበው ከታች የነበረው ፊት ወጣ። የሠራልህ ሰው አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድበትም። እውነተኛ ሥራ ግን መኪናውን ከማስረከብ በፊት በአልኮል ይጠረጋል፤ አልኮሉ ዘይቱን ያነሳዋል፣ ከሥር ያለው ይታያል፣ ያኔ ነው ሂሳብ የሚከፈለው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ እጥበቱ ልሂድ። ፖሊሹን ማንም ያድርግልህ፤ እጥበቱ ካልተስተካከለ በሁለት ወር ውስጥ እዚሁ ነን።

አንድ ቀን ላቫጆ ሄደህ ሻይህን ይዘህ ዝም ብለህ ተመልከት። ልጁ ስፖንጁን ባልዲ ውስጥ ይነክራል፣ ኮፈን ያሻል፣ በር ያሻል፣ ፓራውልት ያሻል፣ ቸርኬ ውስጥ ያስገባና ያሽከረክራል፣ መልሶ እዚያው ባልዲ ውስጥ ይነክርና የሚቀጥለው መኪና ኮፈን ላይ ያሳርፈዋል። ከአንተ በፊት በዚያው ውሃ የታጠበው ከጀልዴሳ መንገድ የመጣ አይሱዙ ነው። እጅህን ባልዲው ግርጌ ብታስገባ አሸዋ ትዘግናለህ። አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ጥንካሬው በሞስ መለኪያ 7 ነው፣ የቢላ ብረት ከዚያ ያነሰ ነው። ያንን ነው ጥቁር መኪና ላይ በሳሙና የሚያሹልህ። ልጆቹ ላይ አትቆጣ፤ በመኪና ቁጥር ነው የሚከፈላቸው፣ ስለ ማይክሮን የነገራቸውም የለም።

ሰው ሁሉ ሳሙናውን ይከሳል። «በኦሞ አጥበውብኝ ነው» ይሉኛል። ኦሞ ቀለሙ ላይ የተቀባውን ሰም ያነሳል፣ በደንብ ካልተበጠበጠም ፍሬው ይቀራል፣ አልመክረውም። የመኪና ሻምፑ ካጣህ ግን አንድ ባልዲ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ብታደርግ መኪናህ አይሞትም፤ ሰሙ ቶሎ ይሄዳል፣ በቃ። ድሩን የሚሠራው ሳሙና ሳይሆን የነካህበት ነገርና በመሃል የቀረው አሸዋ ነው። ስለዚህ የጥቁር መኪና ጥበብ ሁሉ አሸዋውን ሳትነካው በፊት ማስወገድ፣ ከዚያ በተቻለ መጠን ጥቂት መንካት ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማጥበው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ እጨርሳለሁ። የድሬን ፀሐይ አንተም ታውቃታለህ፤ ቀትር ላይ ጥቁር ኮፈን ከ70 ዲግሪ ያልፋል፣ እንቁላል ባይጠበስበትም ሳሙና ይጠበስበታል። ከበርጫ በኋላ በ11 ሰዓት እናጥበው የሚሉም አሉ፤ ብረቱ ገና ትኩስ ነው፣ ንፋሱም አቧራ ይዞ የሚነሳው ያኔ ነው። እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፈህ እስከ 10 ስትቆጥር ካላቃጠለህ ማጠብ ይቻላል።

መጀመሪያ ቸርኬና ጎማ፣ በራሳቸው ባልዲና በራሳቸው ጨርቅ። በሐረር መንገድ ካለው ከደንገጎ ቁልቁለት የወረደ መኪና ቸርኬ ላይ ያለው ጥቁር ዱቄት ከፍሬን ሸራና ከዲስኩ የወጣ ብረት ነው፤ ያ ጨርቅ ወደ ቀለም ከተመለሰ ጉድህ ነው። ቀጥሎ ገላውን ሳልነካ ከጣሪያ ወደ ታች ውሃ አወርድበታለሁ። ከዚያ ሳሙና ረጭቼ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ እተወዋለሁ፤ አሸዋው እየለቀቀ ከአረፋው ጋር ሲወርድ በዓይንህ ታየዋለህ። አረፋ የሚረጭ ማሽን የለኝም ካልከኝ፣ ገበሬ በትከሻው አንግቦ መድኃኒት የሚረጭበትን መርጫ ግዛ። አዲስ መሆን አለበት፤ ፀረ-ተባይ የነካውን እንዳታመጣብኝ። መልሼ አጥበዋለሁ፣ ከዚያ ነው ገና እጄ የሚነካው።

ሁለት ባልዲ ይኑርህ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የንጹሕ ውሃ። ጸጉራም የማጠቢያ ጓንት ወይም ወፍራም የማይክሮፋይበር ጨርቅ ከሳሙናው ነክረህ አንድ በር ታጥባለህ፣ ንጹሑ ባልዲ ውስጥ አራግፈህ ታጥበዋለህ፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ትመለሳለህ። ጠፍጣፋ ስፖንጅ አትጠቀም፤ አሸዋው የሚገባበት ስለሌለው ፊቱ ላይ ይቀመጥና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ከጣሪያ ጀምረህ ወደ ታች ውረድ፤ ከበሩ እጀታ በታች ያለው፣ ፓራውልቱና የኋላ ኮፈኑ መጨረሻ ይሁን፣ ቆሻሻው ሁሉ እዚያ ነው። እጅህን በቀጥታ መስመር አስኪደው። ያመለጠህ ጭረት ቢኖር አቅጣጫው አንድ ስለሚሆን እንደ ድር አይወጣም። ደግሞ አትጫን። ክንድህ ከደከመህ አጠፋህ ማለት ነው።

ወንድሜ፣ ጨርቁ መሬት ከወደቀ ወደቀ። ጉልበት ላይ አራግፎ መቀጠል የሚባል ነገር የለም። ለሞተር ወይም ለጎማ አውለው፣ ሌላ አንሳ። አንዱ ረዳቴ ስድስት ወር ሙሉ የተጣላኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃ ፈረቃ በሆነበት ሰፈር ይህ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ውሃ ሲጠፋ የምሠራው ሌላ ነው፦ አንድ ባልዲ ውሃ ከትንሽ ሻምፑ ጋር፣ ውስጡ 8 ወይም 10 ማይክሮፋይበር ነክሬ አስቀምጣለሁ። መኪናውን በመርጫው በሳሙና ውሃ አረጥብና አቆየዋለሁ። አንዱን ጨርቅ አውጥቼ አራት እጥፍ አድርጌ በአንድ ፊቱ አንድ ጊዜ ብቻ እጎትታለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ በሌላው ፊት ሌላ ቦታ። ስምንቱም ፊት ሲያልቅ ጨርቁ ወደ ጎን ይጣላል፣ ወደ ባልዲው አይመለስም። በአንድ 20 ሊትር ጀሪካን መኪና ይታጠባል። ጭቃ ላለበት መኪና ግን አይሆንም፤ ያንን ውሃ እስኪመጣ ጠብቀው። የቆሸሸ ጥቁር መኪና ለሳምንት ቢቆይ አይጎዳም፣ ባለቤቱ ነው የሚጎዳው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማንም እንደ እጥበት የማይቆጥረው ነው፦ ደረቅ መጥረግ። ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር አቁመህ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ አንዱ ልጅ በደረቅ ጨርቅ ኮፈንህን ጠርጎ «አጽድቼልሃለሁ ጋሼ» ይልሃል። ሳንቲሙን ስጠው፣ አስቀድመህ ግን እንዳይነካው ንገረው። የላባ መጥረጊያውም ያው ነው። የአንተን ድር ግማሹን የሠራው ይሄ ቢሆን አይገርመኝም።

ስለ ውሃው ራሱም ላውራ፤ ድሬ ላይ ጥቁር መኪና የሚገድለው ሁለተኛው ነገር እሱ ነው። የቡና ማንቆርቆሪያህን ግርጌ ታውቀዋለህ፤ ያ ነጭ ቅርፊት ከውሃው ጋር የመጣ ኖራ ነው። ያው ውሃ ኮፈን ላይ በፀሐይ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ኖራው እንደ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ሐረር ያሉ ደንበኞቼም አያመልጡም፤ ከድሬ ጃራ ተገፍቶ የሚወጣላቸው ውሃ የእኛው ዘመድ ነው። ስለዚህ ገላው እርጥብ እያለ ትቶ መሄድ የለም። እኔ መጨረሻ ላይ የማወርደው የኤሲ ውሃ ነው። አትሳቅ። ከቢሮና ከሆቴል ኤሲ ጀርባ የሚንጠባጠበው ውሃ ከአየር ላይ የተጨመቀ ስለሆነ ኖራ የለበትም፤ ሌሊቱን ባልዲ አኑርለት፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለውና መጨረሻ ላይ ከጣሪያ ጀምረህ ቀስ ብለህ አፍስሰው።

ማድረቂያው ትልቅና ወፍራም ማይክሮፋይበር ይሁን። ታይዋን ገበያ የቻይናው ሞልቷል። ስትገዛው በከንፈርህ ዳብሰው፣ ከቆረቆረህ ተወው። ጠርዙ ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት በመቀስ ቆርጠህ ጣል፣ እሱም ይጭራል። ጨርቁን ኮፈኑ ላይ ዘርግተህ አሳርፈው፣ ውሃውን ይጠጣ፣ ከዚያ ጫፉን ይዘህ ሳትጫን ጎትት። ማሸት የለም። ስታጥበው ደግሞ ለብቻው፤ ከነጠላና ከፎጣ ጋር ከገባ ብናኙን ሁሉ ይዞ ይመጣል። የልብስ ማለስለሻም አታድርግበት፣ ውሃ መጠጣቱን ይተዋል።

ነጭ ቀለበቱ አስቀድሞ ከወጣብህ አቼቶ መድኃኒቱ ነው። እኩል ከባትሪ ውሃ (የተጣራውን ማለቴ ነው፣ አሲዱን አይደለም) ጋር ቀላቅለህ ቀዝቃዛ ቀለም ላይ በጨርቅ አስነካው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቀህ በብዙ ውሃ እጠበው። ኖራው ሲሟሟ ይለቃል። ካልለቀቀ ቀለሙን በልቶታል ማለት ነው፣ ያ የፖሊሽ ሥራ ነው። የወፍ ኩስም እንደዚያው ነው፤ የከዚራ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፣ ኩሱንም አይሰስቱም። በጥፍር አትፋቀው፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ እስኪርስ ጠብቀህ አንሳው። እስከ ማታ ካቆየኸው ፀሐይዋ ታትመዋለች።

ወደ ፖሊሹ ልምጣ። በእጅህ አድርገው አልልህም። በእጅ አንድ በር ታሳምራለህ፣ ሙሉ መኪና ላይ ክንድህ ይሸነፋል። ለአንድ መኪና ብለህ ማሽን አትግዛ። የሚሠራ ሰው ፈልግ፣ ግን እነዚህን ጠይቅ።

በምን ማሽን ነው የምትሠራው በለው። ግራይንደር ላይ የሱፍ ፓድ (ማሽኑ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ክብ ማሻሻ) ገጥሞ የሚመጣ ካለ ሻይ ጋብዘህ ሸኘው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ ፖሊሽ ከ2,000 ብዙም ማለፍ የለበትም። እንዲያውም ዙሩ ቢስተካከል እንኳ በአንድ እምብርት ዙሪያ ብቻ የሚዞር ማሽን ከሱፍ ጋር ሆኖ ጥቁር ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ድሩ ይጠፋና በምትኩ ፀሐይ ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚወዛወዝ ጥላ ይቀራል። እኔ ጥቁር የምጨርሰው እየዞረም እየተወዛወዘም በሚሄደው ማሽን ነው፤ ዲኤ ይሉታል። ዝግ ያለ ነው፣ ግን ይምራል።

ከዚያ፣ ሙሉውን ከመጀመሩ በፊት ኮፈኑ ላይ 40 በ40 ሳንቲሜትር ቦታ ላይ ብቻ ሠርቶ እንዲያሳይህ ንገረው። በጣም ለስላሳ ፓድና በጣም ደቃቅ ፖሊሽ ይጀምር፤ ካልጠፋ አንድ ደረጃ ይውጣ። ኮምፓውንድ የሚባለውን ሸካራ ፖሊሽ ይዞ የሚጀምር ሰው ቸኩሏል። ያቺን ቦታ በውሃ በቀጠነ አልኮል ጠርጎ፣ መብራት አጥፍቶ፣ በአንድ ባትሪ ብርሃን ያሳይህ። ከድሩ አሥር እጅ ስምንቱ ከጠፋ በቃህ። አሥር ከአሥር የሚፈልግ ሰው ክሊሩን ይጨርሳል።

ፖሊሽ ከመነካቱ በፊት ገላው ለስላሳ መሆን አለበት። ታጥቦ ሲደርቅ እጅህን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብተህ በኮፈኑ ላይ አንሸራትት። በባዶ እጅ የማይሰማህ ነገር በፌስታሉ ይሰማሃል፦ ሽርክት ሽርክት ይላል። እሱ የፍሬን ብረት፣ የሲሚንቶ ብናኝና የዛፍ ሙጫ ነው። ክሌይ የሚባለው የመኪና ሸክላ በሳሙና ውሃ እየተንሸራተተ ያነሳዋል። ሸክላው ራሱ ትንሽ ስለሚጭር ከፖሊሽ በፊት እንጂ ከፖሊሽ በኋላ አይደረግም።

አሁን ያዘው ያልኩህ የ202 ነገር የሚገባበትን የፓድ ታሪክ ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ቀፊራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ጥቁር ማርክ ቱ መጣ፣ ለበዓል ይድረስ ተባለ፣ ማሽኑን ያዝኩ። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ደረስኩ። ነጭ የነበረው ፓዴ በድንገት ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ። ቀለም ሲነድ የሚሸተውን ሽታ ያን ቀን ነው የለየሁት። አቁሜ ስጠርገው ጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ግራጫ መስመር ወጥቷል። ሁለት ጣት የማትሞላ ቦታ ናት። ኮፈኑ ሙሉ ተቀባ፣ የሁለት ወር ደሞዜ ሄደ። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ክሊሩ ስስ ነው፣ የማሽኑ ጉልበት ሁሉ ደግሞ እዚያች ቀጭን ቦታ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወዲህ ጠርዝ ሁሉ በወረቀት ስኮች ይሸፈናል፣ እሱን ያልሸፈነ ሰው መኪናህን አይንካ። ግን ልብ በል፤ ቀለምህ ክሊር የሌለው 202 ከሆነ ፓዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጠቁራል፣ ያ ጤና ነው። የሚያስፈራው ነጭ ሆኖ ቆይቶ በድንገት ሲጠቁር ነው።

ቀለም የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ካገኘህ ደግሞ እሰየው። ከ100 እስከ 150 ካለ ፋብሪካ ነው። 250፣ 300 ካለ አንድ ጊዜ ተቀብቷል። ከ500 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ የሸጠህን ሰው መጠየቅ ያለብህ ነገር አለ። ከ80 በታች ያለ ቦታ ላይ እኔ ማሽን አላሳርፍም።

ከፖሊሽ በኋላ መከላከያ ይቀባል። የካርናውባ ሰም ጥቁር ላይ ውበቱ ሌላ ነው፤ በእኛ ሙቀትና በላቫጆ ሳሙና ግን ጥቂት ሳምንት ነው ዕድሜው። ሰው ሠራሹ ሲላንት አራት አምስት ወር ይቆያል፣ ለአንተ እሱ ይበቃሃል። ሴራሚክ የሚባለውን ጠንካራ ሽፋን አድርግ የሚሉህ ይኖራሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ ለማጠብም ያቀላል፤ ነገር ግን «9 ኤች ስለሆነ አይጫርም» ቢሉህ አትመን። ያ ቁጥር የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ አሸዋ ደግሞ እርሳስ አይደለም። የኖራውም ቀለበት ሴራሚኩ ላይ ይወጣል።

የመኪና ልብስ ስለማልበስ አልጠየቅከኝም፣ ግን ሳቢያን ስለሆንክ ልናገር። አቧራ ያለበትን መኪና ማልበስ ሌሊቱን ሙሉ በንፋስ ማሸት ነው። ካጠብክ በኋላ፣ ንፋስ በሌለበት ግቢ ከሆነ አልብሰው። ካልሆነ ቆርቆሮ ጥላ ይሻላል።

ለሰርጉ እንዲህ አድርግ። ፖሊሹን በሁለተኛው ሳምንት አስጨርስ፤ ዋዜማው ላይ አታድርስ፣ የቸኮለ እጅ ነው ጠርዝ የሚያቃጥለው። ሲላንቱን በዚያው ቀን አስቀባና ሌሊቱን ውሃ እንዳይነካው አድርግ። ከሰርጉ ቀን በፊት ባለው ጠዋት ራስህ እጠበው። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ያረፈበት አቧራ ቢኖር በደረቅ ጨርቅ እንዳትነካው፤ መርጫውን ያዝ፣ አርጥብ፣ ከዚያ ለስላሳውን ጨርቅ አሳርፍ።

አበባ የሚያስረውን ሰው ደግሞ አጠገቡ ቁምና ተቆጣጠረው። ስኮቹን ቀለም ላይ እንዳይለጥፍ፤ በፀሐይ ሙጫው ይቀልጥና ሲነሳ ሌላ ሥራ ይሆናል። አበባውን የሚይዘው የፕላስቲክ መምጠጫ የሚያርፍበት ቦታ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ አለበለዚያ ከሥሩ የቀረው አሸዋ በየጉድጓዱ እየተፈጨ ይሄዳል። ሪባኑን ከኮፈን እስከ ስፖኪዮ አላልቶ ማሰር የለም። እስከ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ከምናምን አለ፤ የላላ ሪባን በንፋስ ያንን ሁሉ መንገድ ሲገርፈው ኮፈንህ ላይ ሁለት የደበዘዙ ጎዳናዎች ይሠራል። አጥብቆ ይሰረው፣ ከሥሩም ስስ ማይክሮፋይበር ይኑር። ማታ ስትመለሱ ከደንገጎ እንደወረድክ ትኩስ ቸርኬ ላይ ውሃ እንዳይደፉበት፤ ዲስኩ ሊጣመም ይችላል። ሪባኑን በመቀስ ቆርጠህ ወደ ላይ አንሳው፣ እየጎተትክ አታውጣው። ሩዝ ወይም ብናኝ ወረቀት በትነውበት ከሆነም እንደዚያው ይደር፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መርጫህን ይዘህ ውጣ።